ብቻዬን ልሂድ ወይስ ልቅር?

የዚህ ሳምንት መወያያችን ከአንዲት እኅታችን በቀረበልን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የሁለት ልጆች እናትና ሠራተኛ ናት። የተወለደችው በከፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ ነው። ገና በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥታ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ ሥራና ትዳር ይዛለች። እናቷ ግን ዛሬም ዋጫ ናቸው። በቅርቡ መታመማቸውንና «ልጄን አንድ ጊዜ ልያት» ማለታቸውን ሰማች። ባለቤቷ ደግሞ በዚህ ሰሞን ከሥራው ሊለይ አልቻለም።

«ወደ ዋጫ የምሄደው ሁልጊዜ ከሰው ጋር ነው» ትላለች እኅታችን። «በልጅነቴ አክስቴ፣ ካገባሁ ወዲህ ባለቤቴ ይዘውኝ ሄደዋል። ትኬት ቆርጬ አላውቅም። የት ወርደን የት እንደምንሳፈር እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። አሁን ብቻዬን መሄዴን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ፈራሁ እንዳልል በዚህ ዕድሜዬ አፍራለሁ። እንዳልቀር ደግሞ እናቴ ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እኅታችን ሆይ! መልሳችንን ሳናስረዝም እንንገርሽ፤ ሂጂ። ፍርሃቱ ለቆሽ እስኪሄድ ግን አትጠብቂ። ፍርሃት ቤት ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሚቀንሰው መንገዱን አስቀድመው ሲያውቁትና እግር ሲነሣ ነው። እንዴት ብለሽ እንደምትዘጋጂ ደግሞ አብረን እንመልከት። ምክሩ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን፣ ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ከከተማ ለሚወጡ እኅቶች ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ደረጃ መፍራትሽ ሊያሳፍርሽ አይገባም። በ19ኛው መቶ ዓመት ቦንጋ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ነበረች። ከከፋ ምድር ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ እየጫኑ የሚወጡት እነዚያ ነጋዴዎች መሣሪያ የያዙ ወንዶች ነበሩ። ቢሆንም አንዳቸውም ብቻቸውን ለመውጣት አይደፍሩም ነበር። ጓደኛ እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ። መንገዱንም በየማደሪያው ከፋፍለው ዛሬ የት እንደሚያርፉ፣ ነገ የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገሩ አውቀው ይነሣሉ። እንግዲህ የማያውቁትን መንገድ መፍራት የመንገደኛ ሁሉ ጠባይ ነው፤ የሴት ብቻ አይደለም።

በዚያው መንገድ ላይ ሳይወዱ በግድ የተነዱ ሴቶችና ሕፃናት እንደ ነበሩም መዘንጋት አይገባም፤ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበርና። ባርነት በአገራችን በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በዚያ መንገድ የምታልፈዋን ሴት ወዴት እንደምትሄድ የሚወስንላት ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ አንቺ በገዛ ፈቃድሽ፣ በገዛ ገንዘብሽ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትቁጠሪው።

በጥያቄሽ ውስጥ «ልብ ብዬ አላየሁም» ያልሽው ቃል የችግሩን ምንጭ ያሳያል። ሌላ ሰው ይዞን ሲሄድ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ ከሻንጣው ጋር አብረን የተጫንን ያህል ነን። አሥር ጊዜ ተመላልሰንም መንገዱን ላናውቀው እንችላለን። ስለዚህ መጀመሪያ መሥራት ያለብሽ፣ ባለቤትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ መንገዱን ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲነግርሽ ማድረግና በወረቀት ላይ መጻፍ ነው።

ስለ ባለቤትሽ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በመሆኑም ይህ ጉዞ ሁለታችሁ የምትመካከሩበት ጉዳይ ነው። ምክክራችሁም «ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? ማታ ማን ያበስላል? ለመንገድና ለሕክምና ምን ያህል ብር ይበቃል?» በሚሉት ላይ ቢያተኩር ይበጃል። ሚስቱ ስትሄድ ወጥ መሥራት የሚጀምር ባል የሚያጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሚያተርፈው ይበዛል።

የሥራ ፈቃድን በሚመለከት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ እኅቶች መብታቸውን ቢያውቁ መልካም ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይገባዋል። ከዚህ ሌላ፣ ከባድና ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም በበጀት ዓመቱ ውስጥ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ። ሕመምተኛ እናትን ሄዶ ለማየት ውሸት መፈልሰፍ አያስፈልግም። እውነቱን በማመልከቻ ጽፈሽ አቅርቢ።

ልጆቹንስ? ብዙ እናቶች ልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ብለው ተኝተው ሳሉ በሌሊት ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሕፃን ልጅ ሲነቃ እናቱን ካጣ፣ ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ሌሊት «ዛሬም ትጠፋ ይሆን?» እያለ መስጋቱ አይቀርም። ከሁለት ቀን በፊት ንገሪያቸው። «አያታችሁ ስለ ታመሙ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ ይህን ያህል ቀን ቆይቼ እመጣለሁ» በያቸው። ቀኖቹን በጣታቸው ይቁጠሩ። ማልቀሳቸው አይቀር ይሆናል፤ ነገር ግን እናታቸው ሄዳ የምትመለስ ሰው መሆኗን ይማራሉ።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። መንገድሽን በአራት ክፈይው። አራቱንም በአንድ ጊዜ አታስቢ። አንዱን ስትጨርሺ ሁለተኛውን ታስቢያለሽ።

የመጀመሪያው ክፍል ከቤትሽ እስከ ወልቂጤ ነው። በአዲስ አበባ ዛሬ መናኸሪያው አንድ ብቻ ስላልሆነ፣ የምትሳፈሪበት አውቶቡስ ከየትኛው እንደሚነሣ ቀደም ብለሽ አረጋግጪ። ትኬቱን ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት ራስሽ ሄደሽ ቁረጪ። ቦታውን በቀን ብርሃን ያየሽው እንደ ሆነ በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ስትመጪ እንግዳ አትሆኚም። ትኬት ቆራጩን «ከሴት ጎን፣ ወደ ፊት ጠጋ ያለ ቦታ ስጠኝ» በይው፤ ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። ለመሄጃው ሌሊት ብቻሽን በጨለማ አትውጪ። ባለቤትሽ ወይም ጎረቤት እስከ መናኸሪያው ይሸኝሽ። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ገባሽ የሰሌዳ ቁጥሩንና የወንበር ቁጥርሽን በስልክሽ ጽፈሽ ለባለቤትሽ ላኪለት። ከዚያ ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን እያለፍሽ ወልቂጤ ትደርሻለሽ። እነዚህን ከተሞች በወረቀትሽ ላይ ጽፈሽ እያንዳንዱን ስታልፊ ምልክት አድርጊበት። ቀላል ነገር ቢመስልም የት እንዳለሽ ማወቅ ልብ ያሳርፋል።

ሁለተኛው ክፍል ከወልቂጤ እስከ ጅማ ነው። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ብዙ ሰው የሚያጥወለውለውም እዚህ ነው። ምክንያቱ ድካም ወይም የልብ መሳት አይደለም። በጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን መጠበቂያ አካል መኪናው እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል፤ ዓይናችን ደግሞ ስልክ ወይም የፊት ወንበር ላይ ተተክሎ እንዳልተንቀሳቀስን ይነግረናል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድ ይረበሻል። ስለዚህ ስልክሽን አስቀምጪ፣ በመስኮት ራቅ ያለ ተራራ ተመልከቺ፣ መስኮቱን ከፈት አስደርጊ። ጠዋት ቅባት የበዛበት ምግብ አትብዪ፤ በባዶ ሆድም አትሂጂ። ለሚብስባቸው ሰዎች የሚረዳ ክኒን ስላለ ከመነሣት በፊት የፋርማሲ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይወስዱ። ወንዙን ተሻግረሽ፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፈሽ ጅማ ትገቢያለሽ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው መንገድ አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሴቶች የሚደብቁትን ነገር እናንሣ። መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት እናጣለን ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጡ አሉ። ውጤቱ የራስ ምታትና ድካም ነው። ውኃሽን ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጠጪ። ሲያስፈልግሽ ረዳቱን «ወንድሜ፣ ለሴቶች የሚመች ቦታ ላይ አቁምልን» በይው። አንቺ ስትናገሪ ሌሎች ሦስት አራት ሴቶችም አፋቸውን እንደሚከፍቱ ታያለሽ፤ ሁሉም አንድ ሰው እስኪጀምር ነበር የሚጠብቁት። ሰፋ ያለ ቀሚስ ወይም ነጠላ በመንገድ ላይ ለመሸፈኛ ይጠቅማል። የወር አበባሽ ባይደርስም የንጽሕና መጠበቂያ፣ ሶፍትና ሳሙና በእጅ ቦርሳሽ ይኑር።

ሦስተኛው ክፍል ከጅማ እስከ ቦንጋ፣ አራተኛው ደግሞ ከቦንጋ እስከ ዋጫ ነው። ወደነዚህ ከመግባታችን በፊት ግን የዚህ ዓምድ ጸሐፊ በራሷ ላይ የደረሰውን ብትነግርሽ ሳይሻል አይቀርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወደ ከፋ በሄድሁበት ጊዜ ከሚከብደኝ ሻንጣ ጋር ነበርሁ። በአንድ መናኸሪያ ከአውቶቡስ እንደ ወረድሁ፣ አንድ ጎረምሳ ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ «ቦንጋ? ነይ በዚህ!» ብሎኝ ቀደመ። ተከተልሁት። ወደ አንድ ሚኒባስ አስገባኝ፣ የተሸከመበትን ተቀብሎ ሄደ። መኪናው የት እንደሚሄድ ማንንም አልጠየቅሁም። ለምን? እንግዳ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ አፍሬ ነው። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደ ተጓዝን ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ እናት «የት ትወርጃለሽ ልጄ?» አሉኝ። «ቦንጋ» አልኋቸው። እናትየው ደንግጠው ተመለከቱኝና «ቦንጋ! ይኼ እኮ በሌላ በኩል ነው የሚሄደው!» ብለው፣ እኔ አንደበቴ ተሳስሮ ሳለ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወራጅ አለ!» አሉ። መኪናው ቆመ፤ ሻንጣዬ ወረደልኝ፤ በባጃጅ ወደ መጣሁበት ተመለስሁ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያዋረደኝ አለማወቄ ሳይሆን አለመጠየቄ መሆኑ ነው። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ልማዶችን ይዣለሁ፤ ለአንቺም አካፍልሻለሁ። አንደኛ፣ ራሴ አንሥቼ ልራመድ ከምችለው በላይ ዕቃ አልይዝም። ዕቃው ከከበደ ግን መጀመሪያ መኪናውን ፈልጌ፣ ዋጋ ተነጋግሬ ከዚያ አሸክማለሁ። ሁለተኛ፣ ወደ እኔ የመጣውን ሰው ሳይሆን እኔ የመረጥሁትን ሰው እጠይቃለሁ። በመናኸሪያ ውስጥ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ባለ ሱቅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ተቆጣጣሪ ነገም እዚያው የሚገኙ ስለሆኑ በውሸት የሚያተርፉት ነገር የለም። ሦስተኛ፣ «ይህ መኪና ቦንጋ ይሄዳል?» ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ከተጠየቀ ተሳፋሪ የሚፈልግ ሁሉ «አዎን፣ ግቢ» ይላል። «ይህ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?» ስል ግን መልሱን ራሱ መናገር ይኖርበታል። አራተኛ፣ ከገባሁ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠውን መንገደኛ ያንኑ ጥያቄ እደግመዋለሁ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠ ልቤ ያርፋል።

ወደ መንገድሽ እንመለስ። ጅማ የደረስሽው በጊዜ ከሆነና ቀጥታ የሚሄድ መኪና ካለ መቀጠል ትችያለሽ። ቀኑ ከመሸ ግን ጅማ እደሪ፤ በማያውቁት መንገድ በማታ መጓዝ ለወንድም አይበጅም። ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ቤት ካለ ከዚያ የሚሻል የለም። ከሌለ ከዋናው መንገድ ያልራቀ፣ ቤተሰብ የሚያርፍበት ሆቴል ፈልጊ። ክፍሉን ሳታይ አትክፈዪ። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን፣ መስኮቱ የሚዘጋ መሆኑን ተመልከቺ። የሆቴሉን ስምና የክፍሉን ቁጥር ለባለቤትሽ ንገሪው። በማታ በር ቢንኳኳ «ማነው?» በይ እንጂ አትክፈቺ። እንዲህ በማድረግሽ ማንንም አታስቀይሚም።

ከጅማ እስከ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሸቤን አልፈሽ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ትወርጃለሽ። ጎጀብን ስትሻገሪ የከፋ ምድር ጀመረ ማለት ነው። የምታውቂው ካፊኖኖ በመኪናው ውስጥ ከፍ ብሎ መሰማት የሚጀምረውም እዚህ አካባቢ ነው። አቀበቱን ስትወጪ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጫካው ይጠጋል። ከፋ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ፀሐይ ነው ብለሽ ጃንጥላና ሹራብ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ቦንጋ ስትደርሺ ለእናትሽ ቤት ደውዪ። ዘመዶችሽ ዋጫ መናኸሪያ ወጥተው ይጠብቁሽ። ከቦንጋ በኋላ የውሽውሽን የሻይ ተክል ታያለሽ። ያ አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ እርሻ ሲታይሽ አራተኛውና የመጨረሻው ክፍል ላይ መሆንሽን እወቂ።

እርግጥ ነው፣ በመንገድ ላይ ክፉ ሰው አይጠፋም። ለዚህም ተዘጋጅተሽ መሄድ አለብሽ። ገንዘብሽን በሦስት ቦታ ክፈይው፤ ለትኬትና ለምግብ የሚሆነውን ዝርዝር በእጅ ቦርሳ፣ የቀረውን ከልብስሽ ውስጥ፣ መጠባበቂያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጊው። የምሥጢር ቁጥርሽን ለማንም አትንገሪ። አስፈላጊ የስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክ ሊጠፋ ወይም ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። በየኬላው ፍተሻ ስለሚኖር መታወቂያሽ እጅሽ ላይ ይሁን። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሰዎችና ከመናኸሪያው ጠይቂ። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ተዘግቷል ከተባለ ግን ሁለት ቀን መዘግየት ይሻላል።

በአገራችን ባህል መንገደኛ «እንብላ» መባባሉ ያለና የሚወደድ ነው። አትኩሪ፤ ግን አስተውዪ። ሙዝና ብርቱካን ልጠሽ የምትበዪው ስለሆነ አመስግነሽ ተቀበዪ፤ የተከፈተ መጠጥ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ጠጣሁ» ብለሽ እለፊው። ከራስሽም ቆሎ ወይም ዳቦ ያዢና አንቺም ጋብዢ። የማታውቂው ሰው «ይህችን ዕቃ አድርሺልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር ቢሰጥሽ አትቀበዪ። «የማን ልጅ ነሽ? ወዴት ነሽ?» ለሚልሽ በወጉ መልሺ፤ ነገር ግን ብቻሽን መሆንሽን፣ የት እንደምታድሪና ምን እንደያዝሽ መዘርዘር አያስፈልግም። «የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» ማለት ይበቃል።

ከጎንሽ የተቀመጠው ሰው እጁን የማይሰበስብ ከሆነ ዝም አትበዪ። ዝም ያልሽው አፍረሽ መሆኑን ያውቃል፤ የሚተማመነውም በዚያ ላይ ነው። ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ!» በይው። ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ ከፊት አንድ አባት መናገራቸው አይቀርም። ረዳቱንም «ቦታ ቀይርልኝ» በይው። አውቶቡስ በውስጡ ሽማግሌም እናትም ያለበት ትንሽ መንደር ነው፤ መንደሩ የሚሰማሽ ግን ስትናገሪ ነው። የከፋ ችግር ቢያጋጥም በሚቀጥለው ከተማ ወይም ኬላ ለፖሊስ አመልክቺ። በአዲስ አበባ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።

ልጃገረዶች ላሏቸው እናቶች ደግሞ አንድ ቃል አለን። በየመናኸሪያው ከገጠር የሚመጡ ልጆችን «ሥራ አለ፣ ማደሪያም አለ፣ ተከተይኝ» እያሉ የሚያታልሉ ደላሎች ይገኛሉ። በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በመናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ልጅቱን አይቀበላትም፤ የሚቀበላት ሰው ነው። ልጃችሁን ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ብቻዋን ስትልኩ፣ የሚቀበላት ሰው ስሙና ስልኩ የታወቀ ይሁን፤ እሱ ሳይደርስ ከመናኸሪያው ግቢ እንዳትወጣ ምከሯት።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር መንገዱ አስፈሪ ነው ማለታችን አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ሲሰማሩ፣ ከመካከላቸው ከእናታቸው ቤት ወጥተው የማያውቁ ብዙ ልጃገረዶች ነበሩ። ዛሬ አያቶች ሆነዋል። በአቅራቢያሽ ካሉ ጠይቂያቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፉት የሚነግሩሽ ይመስለናል። ዛሬም ቢሆን አስተማሪዎች፣ ነርሶችና ነጋዴ ሴቶች በየቀኑ ብቻቸውን ይመላለሱበታል። ከነሱ መካከል ማንኛዋም ስትወለድ መንገዱን አታውቀውም ነበር።

እኅታችን ሆይ! አንድ ቀን ማታ፣ ጫማሽ ጭቃ ይዞ፣ ወገብሽ ደክሞ፣ እናትሽ ደጃፍ ትደርሻለሽ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ከማን ጋር መጣሽ?» ብለው እንደሚሆን እንገምታለን። «ብቻዬን» ስትያቸው ይደነግጡ ይሆናል። ከዚያ ግን ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ «ብቻዋን መጣች» የሚለው ወሬ እየተደጋገመ ይነገራል። እናትሽ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ ይዘሻቸው የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ መንገዱን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ እሳቸው በአንቺ ይተማመናሉ።

ስትመለሺ ማሩና ቡናው ተጭኖልሽ፣ ምናልባት ከጎንሽ አንዲት ዓይኗ የሚቅበዘበዝ፣ ፌስታሏን በሁለት እጇ ጨብጣ የተቀመጠች ወጣት ታገኚ ይሆናል። «የት ትወርጃለሽ ልጄ?» ብለሽ ጠይቂያት። የሚቀበላት ሰው መኖሩን ሳታረጋግጪ አትለያት። ለእኔ «ወራጅ አለ!» ያሉልኝ እናት ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ውለታቸውን የምንመልሰው እንዲህ ነው።

ቤትሽ ስትደርሺ ደግሞ ልጆችሽ በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰንብተው ይቀበሉሻል። መንገዱን ንገሪያቸው፤ ከተሞቹን በየተራ፣ ወንዞቹን በየስማቸው። በተለይ ሴቷ ልጅሽ በደንብ ትስማ። እሷ ካደገች በኋላ አንድ ቀን ብቻዋን መሄድ ሲኖርባት መንገዱን አስቀድማ ከእናቷ ሰምታዋለች። በይ፣ ሂጂ፤ እናትሽ ይጠብቁሻል። መልካም መንገድ!